ያልተጠበቀው መታጠፊያ፦ ድንገተኛነትና ምክንያታዊነት በፊልም ሴራ ውስጥ

የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» እ.ኤ.አ. በ1960 ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ተመልካች ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ያዩትም ፍጻሜውን ላላዩት እንዳይገልጡ ተለምነዋል። ክልከላው የገበያ ብልሃትነት እንደ ነበረው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በሕዝባዊ ፊልሞች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት ያመለክታል፤ ይኸውም የሴራው ኃይል ያለው በተደበቀው ምስጢር ነው፣ ምስጢሩ ከታወቀ ፊልሙ የሚያየው አያገኝም የሚል ነው። ይህ እምነት ምን ያህል ትክክል ነው?

ጥያቄው ከሲኒማ መፈጠር በብዙ ዘመን ይቀድማል። አሪስቶትል ስለ ትራጄዲ በጻፈው ድርሳን፣ ድርጊቶች ተመልካቹን ይበልጥ የሚነኩት ሳይጠበቁ ሲደርሱ፣ ሆኖም አንዱ የሌላው ውጤት ሆኖ ሲገኝ መሆኑን አስረድቷል። እዚህ ላይ ተፃራሪ የሚመስሉ ሁለት ግዴታዎች በአንድነት ተቀምጠዋል፦ ድንገተኛነትና ምክንያታዊነት። ድንገተኛነት ብቻውን አያስቸግርም። ማንኛውም ደራሲ በመጨረሻው ትዕይንት የሞተውን ሊያስነሳ፣ ወዳጁንም ጠላት ሊያደርግ ይችላል። የሚያስቸግረው፣ ተመልካቹ ድንጋጤው ካለፈለት በኋላ መለስ ብሎ ሲያስብ «እንዴት ሳላስተውለው ቀረሁ?» እንዲል ማድረጉ ነው።

ለቅኔ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰምና ወርቅ ወርቁ ከውጭ ተፈልጎ አይመጣም፤ አድማጩ አስቀድሞ በሰማው ኅብረ ቃል ውስጥ ይገኛል እንጂ። ወርቁም ሲገለጥ ሰሙ ትርጉም አልባ አይሆንም። የፊልም መታጠፊያም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

በኤም. ናይት ሺያማላን ተዘጋጅቶ በ1999 የቀረበውን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የሕፃናት የሥነ ልቦና ሐኪም የሆነው ማልኮም ክሮው፣ በፊልሙ መክፈቻ ላይ ቀድሞ ያክመው በነበረ ሰው ቤቱ ውስጥ በጥይት ይመታል። ከዚያ በኋላ ሙታንን አያለሁ የሚለውን ሕፃን ኮልን ለመርዳት ሲጥር ይታያል። ተመልካቹ ከሐኪሙ ጋር በመጨረሻ የሚረዳው፣ ማልኮም ራሱ በዚያች ሌሊት ሞቶ እንደ ነበር ነው። በመካከሉ አንድ የምግብ ቤት ትዕይንት አለ። ማልኮም በጋብቻ በዓላቸው ዕለት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እርሷ ግን ለይቅርታው ምላሽ ሳትሰጥ ሒሳቡን ከፍላ ትሄዳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ያኮረፈች ሚስት ናት። ለሁለተኛ ጊዜ ለሚያይ ግን ባሏን ቀብራ የጋብቻቸውን ቀን ብቻዋን የምታስብ መበለት ናት። ትዕይንቱ ምንም ሳይለወጥ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ትርጉም ውሸት ሆኖ አይጣልም። በባልና በሚስቱ መካከል የታየው ርቀት እውነተኛ ነበር፤ የተለወጠው የርቀቱ ምክንያት ብቻ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው በ2013 የቀረበው የሉዊ ሌተሪየ «ናው ዩ ሲ ሚ» ነው። አራት ምትሃተኞች ባንክ ዘርፈው ገንዘቡን ለተመልካች ይበትናሉ፤ ዲላን ሮድስ የተባለ የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪ ያሳድዳቸዋል። በፍጻሜው ግን የሁሉም ነገር ጠንሳሽ ራሱ መርማሪው ሆኖ ይገኛል፤ ዓላማውም የአባቱን ሞት መበቀል ነው። ለዚህ ፍጻሜ ምልክት አልተሰጠም ማለት አይቻልም፤ በትርኢት ላይ ሳለ ስለ ሞተው ምትሃተኛ አስቀድሞ ይነገራል። ጉድለቱ ያለው ከገፀ ባሕርዩ ላይ ነው። ተመልካቹ ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ የተከተለው በመርማሪው ቁጣና መታለል በኩል ነበር። ያ ሁሉ ቁጣ ማስመሰል ነበር ሲባል ግን በቦታው የሚተካ ሌላ ስሜት አይሰጠውም። ወርቁ ሰሙን አቀለጠው እንጂ ከውስጡ አልወጣም።

ምስጢርን መደበቅ የመታጠፊያ ሁሉ መሠረት አለመሆኑን ከማንም በላይ ያሳየው ደግሞ ያው ሂችኮክ ነው። የ1958ቱ «ቨርቲጎ» መነሻ የሆነው የቦይሎና የናርስዣክ ልቦለድ ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ያቆያል። ሂችኮክ ግን ፊልሙ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ጁዲና ሞታለች የተባለችው ሴት አንድ መሆናቸውን ለተመልካቹ ይገልጣል፤ ዋናው ገፀ ባሕርይ ስኮቲ ግን ገና አያውቅም። እርሱ ጁዲን እንደ ሟቿ ሲያለብስና ጠጉሯን ሲያስቀይር፣ የተመልካቹ ጥያቄ «ይህች ማን ናት?» መሆኑ ቀርቶ «ባወቀ ጊዜ ምን ያደርጋት ይሆን?» ወደሚል ይሸጋገራል። እንቆቅልሹ ተፈትቶ ሳለ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም አሁን የሚያሰጋው የሁለት ሰዎች ዕጣ ነው።

እንግዲህ ተመልካች ለአንድ ፊልም የሚሰጠው ገንዘቡንና ጊዜውን ብቻ አይደለም፤ ያየውን እንደ እውነት ለመቀበል ፈቃደኝነቱንም ጭምር ነው። ጥሩ መታጠፊያ ይህን አደራ ያሳሳተው መስሎ ይመልሳል፤ መጥፎው ግን ተመልካቹን በማመኑ ያሳፍረዋል። ሁለቱን ለመለየት ፊልሙን ፍጻሜውን አውቆ ዳግመኛ ማየት ይበቃል። በሁለተኛው ጊዜ የሚገኘው ነገር የማይጨምር ከሆነ፣ በመጀመሪያው ጊዜ የተገኘው ድንጋጤ ብቻ ነበር።