ሐውልቱን ያፈረሰው ፌስቡክ ነው?

ሰኔ 23 ቀን 2012፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በተገደለ ማግስት፣ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ከነፈረሱ ወደቀ። ስለዚያ ቀን በተወራ ቁጥር የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ «ይሄን ሁሉ ያመጣው ፌስቡክ ነው።» የመንግሥት ደጋፊውም ተቃዋሚውም፣ ሽማግሌውም ተማሪውም የሚስማሙበት ብርቅዬ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ሐረር ላይ ቆሜ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል።

ከተማዋን እዩዋት። ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ላይ፣ በጨለንቆ ጦርነት የሞቱትን የሚያስታውስ ሐውልት አለ። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት፣ ሐረር ራሷን ችላ መቆሟ ያበቃበት ጦርነት ነው። ከግንቡ ውጪ በአዲሱ ከተማ ደግሞ፣ ከዚያ ድል በኋላ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ራስ መኮንን ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እኒሁ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሐረርን ጦር እየመሩ ዓድዋ ዘምተዋል። ለአንዱ ቤተሰብ የዓድዋ ጀግና፣ ለሌላው ጨለንቆን ተከትሎ የመጣ ገዢ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም በእግር በሚደረስበት ርቀት ነበሩ። ይህ ቅራኔ ፌስቡክን ከመቶ ዓመት በላይ ይበልጠዋል።

ማፍረሱን እያሞገስኩ አይደለም። በነዚያ ቀናት ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል፣ ቤት ንብረታቸው ተቃጥሏል። ኢንተርኔት ላይም ለጥላቻ የሚቀሰቅስ ሞልቶ ነበር። ግን የጊዜውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ኢንተርኔት የተዘጋው በዚያው በሰኔ 23 ጠዋት ነው፤ ግድያውና ቃጠሎው ግን በየከተማው ለቀናት ቀጠለ። «ባይዘጋ ይብስ ነበር» ይባላል። ማንም ሊያረጋግጠው ስለማይችል ምቹ ክርክር ነው። በዚያ ላይ የተዘጋ ኔትወርክ ውሸቱን ብቻ መርጦ አያስቀርም። «ኧረ ውሸት ነው፣ እኔ እዚያው ሰፈር ነኝ» የሚለውን ሰው አብሮ ነው የሚዘጋው።

ዝምታው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። በሐምሌ አጋማሽ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት መጠናቀቁ ሲነገር አብዛኛው ሰው የሞባይል ኢንተርኔቱ ገና አልተመለሰለትም ነበር። 4.9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ፣ እኛ ኦፍላይን። ከወራት በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ እዚያ ደግሞ ዝምታው በሳምንት የሚቆጠር አልሆነም።

«ኢንተርኔቱ ባይዘጋም ሕግ አለ» የምትሉ ካላችሁ፣ ሕጉን እንይ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 መጋቢት 14 ቀን 2012 ወጣ። ሁከት ወይም ግጭት የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍ ያለ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ውሸት መሆኑን ማወቁ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑም ይበቃል። ታዲያ «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚለውን ማን ይለካዋል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ገብተዋል ያለ ሰው ሐሰተኛ ወሬ አናፋሽ ነበር፤ መንግሥትም ሲያስተባብል ከረመ። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ቀርበው መግባታቸውን አመኑ። ቀኑ መጋቢት 14 ቀን 2013 ነው፤ አዋጁ በወጣ ልክ በዓመቱ።

ግድቡም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ገና ግንባታው በተጀመረበት በ2003 አካባቢ፣ አሜሪካ የሚያስተምሩት የምህንድስና ፕሮፌሰር አስፋው በየነ አንድ ደረቅ የሒሳብ ጥያቄ አነሱ፦ በወንዙ አማካይ ፍሰትና በግድቡ ከፍታ ሲሰላ የሚገኘው ኃይል 2,000 ሜጋዋት ገደማ ከሆነ፣ 6,000 ሜጋዋት የሚያህል ተርባይን ለምን ይገዛል? ያኔ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለግብፅ እንደ መሥራት ይታይ ነበር። በኋላ ተርባይኖቹ ከ16 ወደ 13 ተቀነሱ፣ ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ሆኖ ነው። ቅነሳው በእሳቸው ምክንያት መጣ አልልም። ግን ጥያቄው የጠላት እንዳልነበረ ቁጥሩ ይናገራል። ግድቡን እወደዋለሁ፤ በበኩሌ የምወደውን ነገር ዋጋ ማወቅም እፈልጋለሁ።

ሐረር ላይ ደግሞ የመብራት ነገር የውሃ ነገር ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ ወዲህ ከተማው ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከጉድጓድ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ይጠብቃል። መብራት ከሌለ ፓምፑ አይዞርም፤ ፓምፑ ካልዞረ ጄሪካን ነው። በዚያው በድሬዳዋ በኩል ደግሞ ለጅቡቲ የምንሸጠው ኃይል ያልፋል። ለኬንያም እንሸጣለን፣ ለቢትኮይን ኩባንያዎችም እንሸጣለን። ስንቱ ለማን፣ በስንት ዋጋ፣ ለሐረር ፓምፕስ ስንት? ይህን ከፎከረው ሁሉ መሀል ብቅ ብላችሁ ጠይቁና፣ ከሥሩ ምን ዓይነት ኮመንት እንደሚደረደር እናንተው ታውቁታላችሁ።