የሻደይ አደራጆች

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ ባሉት ደጋዎች፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 የሚጀመረው ሻደይ፣ ማለትም ልጃገረዶች በዚሁ ስም የሚጠራውን ረጅም ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው የሚጨፍሩበት በዓል፣ ዘወትር የሚወደሰው በውበቱ ቢሆንም፣ ከዚያ ያላነሰ አድናቆት የሚገባው ለአደረጃጀቱ ነው። የየመንደሩ ልጃገረዶች በዕድሜና በጉርብትና ተቧድነው፣ አለቃቸውን ከመካከላቸው መርጠው፣ ከበሮ መቺዋንና ዜማ አውጪዋን ለይተው፣ አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ከተሳለሙ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ የሚቀበሉት ስጦታም የቡድኑ የጋራ ሀብት እንጂ የአንዲት ልጅ ገንዘብ አይደለም። ደመወዝተኛ የለም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝም (በጀት ጸድቆለት እንኳ የሚጓተት ስንት ሥራ አለና)፤ ታላላቆቹ የታናናሾቹን ቅጠል በጭፈራ መሀል እንዳይፈታ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩላቸው፣ ተራ አጠባበቁን፣ ግጥም አቀባበሉንና ምርቃቱን አብረው ያስተምሯቸዋል፤ የከርሞዋ አለቃም የምትወጣው ከነዚሁ ታናናሾች ነው። በቅርብ ዓመታት መንግሥታዊ ተቋማት በሰቆጣ የሚያዘጋጁት መድረክ በዓሉን ከአካባቢው ውጭ በሰፊው አስተዋውቆታል፤ ይሁንና መድረኩ የሚያሳየው ልጃገረዶቹ በየመንደራቸው በፈቃዳቸው አዘጋጅተው የጨረሱትን በመሆኑ፣ የምስጋናው ትልቁ ድርሻ የእነርሱ ነው።