ላዳ በመምህር ዓይን፤ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ተነድታ ስትመዘን

ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥዕል ሂስ ሲጻፍ አንባብያን ለምደዋል። ስለ አውቶሞቢል ሂስ መጻፍ ግን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችል ይሆናል። እኛ በበኩላችን ሰው አስቦ የሠራው፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛውና ነፍሱን አምኖ የሚሳፈርበት ዕቃ ሁሉ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል ባዮች ነን። እንዲያውም መጥፎ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የሚያጣው አንድ ቅዳሜን ነው። መጥፎ ፍሬን ያላት መኪና የገዛ ሰው የሚያጣው ግን ከዚያ ይበልጣል።

ነገሩ የተነሣው ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሦስት ባልደረቦቻችንና የእኛ ቤት ከከተማው ዳር በአንድ አቅጣጫ ይገኛል። ጠዋት ለታክሲ ተሰልፈን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደወል የሚያመልጠን ቀን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣልነውን ዕቁብ አሰባስበን አንዲት መኪና በጋራ እንግዛ የሚል ሐሳብ መጣ። አዲስ መኪና በመምህር ደመወዝ እንደማይታሰብ ማንም ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ለእኛ ኪስ የሚቀርበው ቀድሞውኑ በአገር ውስጥ ስትንከባለል የኖረች አሮጌ መኪና ሆኗል። ከመካከላችን አንዷ መምህርት ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ላዳ ለሽያጭ መቅረቧን ሰምታ መጣች። ነድቶ፣ መርምሮና መዝኖ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሲፈለግ ዕጣው በእኛ ላይ ወደቀ። የአራት ቤተሰብ ገንዘብ ስለሆነ ቀልድ አልነበረም።

ላዳን ለመተቸት አስቀድሞ ዘሯን ማወቅ ያስፈልጋል። የኢጣልያው ፊያት ኩባንያ 124 የተሰኘችውን አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ አቀረበ። መኪናይቱም በአውሮፓ የ1967 የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላ ተሸለመች። በዚያው በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት መንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ በቮልጋ ወንዝ ዳር ታላቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከተማይቱም በኢጣልያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም ቶልያቲ ትባላለች። ከዚህ ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በአገራቸው ጂጉሊ ይሏቸው ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላኩት ግን ላዳ ተባሉ።

እዚህ ላይ ሂሰኛውን ሊማርከው የሚገባ ነገር አለ። የሩሲያ መሐንዲሶች የኢጣልያኗን መኪና እንዳለች አልገለበጧትም። መንገዳቸው ኮረኮንች፣ ክረምታቸው ጨካኝ መሆኑን ስለሚያውቁ ላሜራውን አወፈሩት፤ ሆዷን ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ ሞላዎቹን አጠነከሩ፤ ሞተሩንም በሌላ ዓይነት ሞተር ተኩት። ጭቃና ጠጠር የሚያበላሸውን የኋላ ዲስክ ፍሬን አውጥተው በከበሮ ፍሬን ለወጡት። ባትሪ በብርድ ሲሞት ሞተሩ በእጅ እየተዘወረ እንዲነሣ ማኖቬላ የሚገባበትን ቀዳዳ ከፊት አበጁላት። በእኛ አስተያየት ይህ የጥሩ ተርጓሚ ሥራ ነው። ጥሩ ተርጓሚ የደራሲውን ሐሳብ ሳይለቅ የአንባቢውን አገር አይረሳም። ለሩሲያ ጭቃ የተደረገው ማሻሻያ ለእኛም ኮረኮንች መጥቀሙ በአጋጣሚ የተገኘ በረከት ነው። በዚህም ላይ መካኒኮቻችን ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔት፣ ፍሬቻ እያሉ የሚጠሯቸው ስሞች ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸውና ላዳ ወደ ጋራዦቻችን ስትገባ የዘመዶቿን ቋንቋ ሰምታለች ማለት ይቻላል።

ወደ ተመረመረችው መኪና እንመለስ። ሊብሬዋ እንደሚለው የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ባዶዋን 955 ኪሎ ግራም ክብደት፣ 1,198 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተርና 4 ማርሽ ያላት፣ በኋላ እግሮቿ የምትገፋ መኪና ናት። ባለቤቷ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተውባት አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሊሸጧት የወሰኑ አዛውንት ናቸው።

እኛም ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ማግኔት በኪሳችን ይዘን ሄድን። ይህንን ዘዴ ተማሪዎችም ሊሞክሩት ይችላሉ። ማግኔት ብረትን ይስባል፤ ስቱኮን ግን አይስብም። ስለዚህ የዛገ ቦታ በወፍራም ስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ከተቀባ ዓይን ቢታለልም ማግኔቱ አይታለልም። በግራ በኩል ካለው የኋላ በር ሥር አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ ማግኔታችን ሳይጣበቅ ወደቀ። አዛውንቱ ፈገግ ብለው፣ «መምህር፣ እሱን በ98 ዓመተ ምሕረት አንድ ጋሪ ገጭቶኝ ነው። ሌላውን ፈልግ፣ አታገኝም» አሉን። በእርግጥም ሌላ አላገኘንም። ምንጣፉን ገልጠን ወለሉን በሳንቲም ብንጭረውም ጤነኛ ነው። ላሜራው ወፍራም ነው የሚባለው ተረት አለመሆኑን በዚህ አረጋገጥን።

ሞተሩ ቁልፍ እንደዞረ አልተነሣም፤ በሁለተኛው ተነሣ። ከማርሚታው የወጣው ጭስ ጥቁር ነበር። ጭስ ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ይናገራል፤ ይህም ወጪው ከባድ የሆነ በሽታ ነው። ጥቁር ጭስ ግን ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ብቻ ያመለክታል። አንዱን ካንዴላ አስወልቀን ብናይ ጥላሸት ለብሷል። ለዚህ ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የድሮ ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ እንደተለመደው ቤንዚኑን ያፈሳል። የሚያውቅ መካኒክ ለከፍታ ካላስተካከለው ሞተሩ ይጠግባል እንጂ አይሠራም። በፋብሪካው ወረቀት 60 የፈረስ ጉልበት ያህል ያላት ይህች መኪና አዲስ አበባ ላይ 45 ያህል ብቻ ይዛ እንደምትቀር ተማሪ በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። የውጭ አገር የመኪና መጽሔቶች የሚጽፉት ፍጥነትና ጉልበት ለእኛ እንደማያገለግል አንባቢ ከዚህ ይረዳ። ሂሱ የተጻፈው ለሌላ አገር አየር ነው።

በከተማ ውስጥ ስንነዳት ደስ አሰኝታናለች። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ መስታወቱ ሰፊ፣ አራቱም ማዕዘኖቿ ከሾፌሩ ዓይን የማይሰወሩ በመሆናቸው በጠባብ መንገድ ማዞር አያስቸግርም። መሪዋ ቆማ ሲያዞሯት ክንድ ይፈልጋል፤ መሮጥ ስትጀምር ግን ይቀላል። ሁለት ጣት ያህል ባዶ ጨዋታ አለው። ማርሹ ቀጥተኛና ግልጽ ነው፤ እጅ ያለ ዓይን ያገኘዋል። ጉድጓድ ላይ ስትገባ ትናወጣለች እንጂ አትሰበርም።

ትልቁ ፈተና እንጦጦ ነበር። አራት ሰዎች ሆነን ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ በኩል ወጣን። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አንዳንዴም አንደኛ ላይ እየተነፈሰች፣ ራዲያተሯ ሳይፈላ አደረሰችን። ይህንን ጉዳይ ማድነቅ ይገባል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና የራዲያተር ክዳኗ ጥሩ ባይሆን ኖሮ ከመንገድ ዳር ባስቀረችን ነበር። ከኋላ የተቀመጠችው ባልደረባችን እስከዚህ ድረስ «ተገዛች በሉ» ስትል ነበር።

ስንወርድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሆን ብለን፣ ለሙከራ ያህል፣ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥን መውረድ ጀመርን። ከመንገዱ አጋማሽ ሳንደርስ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ቀድሞ ከሚይዝበት ቦታ አልፎ ወደ ታች መስመጥ ጀመረ። አጠገባችን የተቀመጡት አዛውንት ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «መምህር፣ ሁለተኛ አግባ» አሉን። ሁለተኛ አስገባን፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናይቱም ረገበች። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን ወርደን ሽሮ ሜዳ ላይ ቆምን። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እናስገባ፤ የሂሳብ መምህራን ይቅር ይበሉን። መኪናይቱ ከነሰዎቿ 1,200 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፣ የወረድነውም ከፍታ 500 ሜትር ነው ብለን ብናስብ፣ 1,200 በ9.8፣ ያም በ500 ሲባዛ 5,880,000 ጁል ይመጣል። ይህ ጉልበት አይጠፋም፤ የግድ አንድ ቦታ መድረስ አለበት። ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው ሾፌሩ ፍሬን በመርገጥ ብቻ ከወረደ በአራት እግሮች ውስጥ ባሉ ጥቂት ኪሎ ብረቶች ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። ጠቅላላው ጉልበት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ማርሽ ዝቅ ተደርጎ ሲወረድ ግን ሞተሩ ሸክሙን ይካፈላል። አዛውንቱ ይህንን ሁሉ ሳያሰሉ በሦስት ቃል ነገሩን።

በፍርዳችን ላይ ፍትሕ እንዳይጓደል ይህንን እንጨምር። ፍሬኑ የደከመው የአሠራሩ ጉድለት ሆኖ አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ የሠራች መኪና የፍሬን ሸራዋ አልቆ ነበር፤ የእኛም አነዳድ ሆን ተብሎ ክፉ ነበር። የአሠራሯ ጉድለት የምንለው ሌላ ነው። በዚህች ዓይነት መኪና ላይ እግርን የሚያግዝ የፍሬን ማጠናከሪያ የለም፤ ሙሉ ኃይሉ ከሾፌሩ ጭን መምጣት አለበት። ወንበሮቿ የራስ መደገፊያ የላቸውም። በተመረመረችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ የደኅንነት ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያሉት ነገሮች በዘመኗ ይታለፉ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጅ የሚሳፈርባትን መኪና የሚመርጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊያልፋቸው አይችልም።

በማግሥቱ ወደ ቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ደርሰን ተመለስን። ብዙ የሚባል የለውም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ አምስተኛ ማርሽ ስለሌላት ሞተሩ ይጮኻል፤ ለመነጋገር ክፍል ውስጥ እንደማስተማር ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የጠጣችው ቤንዚን በደርሶ መልስ 10 ሊትር ያህል ነው። ካርቡራቶሩ ቢስተካከል ከዚህ እንደሚቀንስ እናምናለን።

እንግዲህ ትገዛ ወይስ ትቅር? ከባልደረቦቻችን አንዱ በቆራጥነት ትገዛ ይላል። መለዋወጫዋ እንደልብ ነው፣ ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል፣ በኮምፒውተር ካልሆነ አትጠገንም የምትባል አይደለችም ይላል፤ እውነቱን ነው። ያቺ «ተገዛች በሉ» ስትል የነበረችው መምህርት ደግሞ ከእንጦጦ ወዲህ ሐሳቧን ለውጣለች። ጠዋት ጠዋት የሰባት ዓመት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ትምህርት ቤት ልታደርስባት አስባ ነበርና «ልጄን በምን አስራታለሁ?» ብላ ጠይቃናለች። ለዚህ ጥያቄ ማግኔታችንም ስሌታችንም መልስ አልነበራቸውም። የኋላ ቀበቶ ማሠራት እንደሚቻል ሁለት ጋራዦች ነግረውናል። ይሁን እንጂ ቀበቶ የሚታሰርበት ብረት ጠንካራ ካልሆነ ቀበቶው ጌጥ ብቻ ስለሚሆን፣ በስቱኮ የተሞላው ቦታ ደግሞ ከዚያው አጠገብ ስለሆነ፣ ላሜራው ተፋፍቆ ካልታየ በስተቀር አንፈርምም ብለናል።

የእኛ ፍርድ እንግዲህ ለሁለት ይከፈላል። መኪናይቱን እንደ ሥራ ስንመዝናት፣ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ታስባ፣ ለክፉ መንገድ ተበጅታ፣ ራሷን ለባለቤቷ ሳትደብቅ የምትሠራ በመሆኗ ከብዙ ውድ መኪናዎች የበለጠ ክብር ይገባታል። ለአራት መምህራንና ለአንዲት ሕፃን የየዕለት ጉዞ ስንመዝናት ግን ዛሬ ባለችበት ሁኔታ አትበቃም። አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ የተስተካከለ ካርቡራቶርና ሁለት የኋላ ቀበቶዎች ሳይገቡላት ከተቋማችን በር እንዳትገባ አሳስበናል። የእነዚህ ወጪ ተደምሮ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ስንጠይቅ አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ኮፈኑን በእጃቸው ሲዳስሱ ቆዩ። በኋላም፣ «የፍሬኑን ልቀንስላችሁ፤ የቀበቶውን ግን እናንተው ቻሉት፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ያለሱ ነው ያደረስኩት» አሉን። እኛም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለነዱ ነው የደረሰው» አልናቸው። ሳቁ፤ ነገር ግን አልቀነሱም።

የፊታችን ቅዳሜ መካኒክ ከበሮዎቹን ይፈታል፤ ላሜራውም ይፋፋቃል። ከበሮው ካልተሰነጠቀና ብረቱ ጤነኛ ከሆነ የቀበቶውን ወጪ ለአራት ተካፍለን እንገዛታለን። አለዚያ ገንዘቡ ወደ ዕቁባችን ይመለሳል፤ እኛም ሰኞ ጠዋት በታክሲው ሰልፍ ላይ እንገናኛለን።