«ቅባት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንዳንድ ቃል ብዙ ጌታ ያገለግላል። «ቅባት» ከእነዚህ አንዱ ነው። ወጥ ቤት ሲገባ ቅቤና ዘይት ነው፤ ገበያ ሲወጣ ኑጉ፣ ሰሊጡና ተልባው «የቅባት እህል» ይባሉበታል፤ ፀጉር ቤት የፀጉር፣ መድኃኒት ቤት የቁስል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ደግሞ ማዕረጉ ከፍ ይላል። «መሲሕ» ማለት የተቀባ ማለት ነውና። ነገሥታቱም ሲነግሡ ቅብዐ መንግሥት ይቀቡ ነበር። በጎንደር ዘመን «ቅባት» የአንድ የሃይማኖት ወገን መጠሪያ ሆኖ ከተዋሕዶ ሊቃውንት ጋር ጉባኤ አከራክሯል፤ ደምም አፋስሷል።

ግሡማ ከስሙ ይብስ ዐመለኛ ነው። ሐኪም ቁስል ይቀባል፤ ቀለም ቀቢ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይቀባል፤ ጠላት ጥላሸት ይቀባል። ማዳን፣ መሸፈንና ስም ማጥፋት በአንድ ግሥ ያድራሉ። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሰው ይህ ሀብት ነው፤ እኔም በቃሉ ስፋት ቅር አልሰኝም። ቅር የምሰኘው ስፋቱን መሸሸጊያ ባደረጉት ሰዎች ነው።

«ማዲያት አጥፊ ቅባት» የሚለውን ማስታወቂያ እንውሰድ። እንዲህ እየተባሉ ከሚሸጡት በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ነው። ይህ ሐኪም ለታወቀ ሕመም፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ለወራት ፊት ላይ ሲውል ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲተዉትም ፊት ይቆጣል። «መድኃኒት» ቢባል ኖሮ ገዢዋ «ለስንት ቀን?» ብላ በጠየቀች። «ቅባት» ስለተባለ ግን ከቫዝሊኑ ጎን ተቀመጠ፤ ጥያቄውም ቀረ።

ለእሳት ቃጠሎ ቅቤ መቀባትስ? ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው፦ የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ። ቅቤው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ቁስሉም እንዲያመረቅዝ ሊያደርግ ይችላል። የቅቤው ክብር ከማዕድና ከፀጉር አልፎ ቁስል ላይ የወጣው፣ ቅባት የተባለ ሁሉ ይፈውሳል ብለን ስላመንን ይመስለኛል።

ቃሉ በሚገባው ቦታ ሲውል ግን እንዴት ያምርበታል! ለትራኮማ የሚታዘዘው የዓይን ቅባት 1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። ስሙ፣ መጠኑና ዘመኑ ታውቋል። ታማኝ ቋንቋ ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ የጤና ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሁሉ «ቅባት» ብለን ባናቆም፣ «የሚቀባ መድኃኒት» ብለን የምኑን፣ የስንት ቀኑን ብንጨምር ምን ይጎድልብናል?

ነገሩ የእኛንም መንደር ይነካል። የሂስ ገጾቻችንን ልብ ብሎ ላየ፣ የወዳጅ መጽሐፍ ቅቤ ይቀባል፤ የባላንጣ መጽሐፍ ጥላሸት። ቅቤውም ጥላሸቱም መጽሐፉን ይሸፍኑታል፤ አንባቢም ገንዘቡን ከፍሎ ሥራውን ሳይሆን ቅቡን ያያል። ደራሲውም ቢሆን አይጠቀምም፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ለምን እንደላላበት የሚነግረው አላገኘምና።

በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ከእኛ ትሻላለች። ቅባቱን ከማንሳቷ በፊት ቁስሉን ገልጣ ታያለች፤ ታጥባለች፤ ታማሚው ቢቆጣም አትተውም። ሂስም እንዲህ ቢሆን ምኞቴ ነው። ሳይታጠብ የተቀባ ቁስል ከላይ ያብረቀርቃል፤ ከሥር ግን ያመረቅዛል።