ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰ ጦርነት

የጦር አውሮፕላን ሞዴል የሚሰበስብ ሰው ልኬት ይወዳል፤ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነውና ይገባኛል። ርካሾቹ የፕላስቲክ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ 1/72 ናቸው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አየር ኃይላችን ያበረረው ኤፍ-5ኢ ርዝመቱ 14 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በዚህ ልኬት 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክንፉም፣ ጎማውም፣ ሚሳይሉም በቦታው አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ክብደቱ። ቁሱ አንድ ከሆነ፣ ርዝመት 72 ጊዜ ሲያንስ ክብደት 373,248 ጊዜ ያንሳል። ለምሳሌ ሩቅ አልሄድም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በዚህ ስሌት 20 ግራም አይሞላም፤ በሁለት ጣት ይነሳል። እውነተኛውን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ለወራት ጎትተው ነው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት።

የምነቅፈው ይህንን ነው፦ ሞዴሉ መሣሪያውን ያሳንሳል፣ ሰውን ግን ጭራሽ ያጠፋል። እኛ ጋ ደግሞ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና የሚለው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ሰብስቡ፣ ችግር የለውም። ግን ከአውሮፕላኑ ሥር ጎጆና ሰው አስቀምጡ። በ1/72 አንድ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም፤ ቦታ አይፈጅባችሁም።