ጥለቱን ገልብጠው ይዩት

በአዲስ አበባው የሽሮ ሜዳ ገበያ ከተሰቀሉት ቀሚሶች የትኛው በእጅ የተሸመነ፣ የትኛው ከፋብሪካ ታትሞ የመጣ እንደሆነ ከሩቅ መለየት ከባድ ሆኗል። ከቅርብ ግን አንድ ዘዴ አለ፤ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የታተመው ጥለት ከጀርባው ደብዝዞ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ይገኛል። በማሽን የተጠለፈው ከበስተጀርባው ሌላ ክር ተደርድሮበት፣ አንዳንዴም ማጠንከሪያው ጨርቅ ተቆርጦ ሳያልቅ ይታያል። የተሸመነው ጥለት ግን ከሸማው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ባለቀለሙ ክር ከነጩ ማግ ጎን ለጎን በድሩ መካከል ስለሚመላለስ መንገዱን ከጀርባም መከተል ይቻላል።

ያንን መንገድ ያበጀው ሰው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የተቀመጠ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ባለበት በእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዶርዜና የሌላው የጋሞ ደጋ ልጆች ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት ከአባት ወይም ከአጎት ጎን ተቀምጠው ነው። ሸማኔው መርገጫውን ሲጫን ከድሩ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል። በተከፈተው አፍ መወርወሪያው ያልፋል፣ ወዲያ ማዶ ያለው እጅ ይቀልበዋል፣ ማበጠሪያው ማጉን ይመታዋል። ለተመልካች ይህ ቀላሉ ክፍል ይመስላል። ነገር ግን ማለዳ በትኩስ ጉልበት የተመታውና ማታ በደከመ ክንድ የተመታው ሸማ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጥሩ ነጠላ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያሳልፈው የሸማኔው ክንድ ድካሙን ደብቆ ስለዋለ ነው።

ጥለት ላይ ሲደርስ የሽመናው ድምፅ ይቀየራል፤ ያ ፈጣን ምት ቀርቶ ዝምታ ይበዛል። አሁን ሥራው የጣት ነው። ድሩን እየቆጠረ ጥቂቱን ያነሳል፣ ጥቂቱን ይተዋል፣ በተነሳው ሥር ባለቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ በነጭ ማግ ያስረዋል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንዲት ክር ቢስት ጥፋቱ እዚያው አይታይም። ብዙ ማግ ካለፈ በኋላ የመስቀሉ አንዱ ክንድ ከሌላው ረዝሞ ሲገኝ ነው የሚታወቀው፤ ያኔ መፍታት ነው። ሌላም ፈተና አለ። ነጠላ በሁለቱም ጫፍ ጥለት አለው። ሸማኔው ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው በመጠቅለያው ተጠቅልሎ ከዓይኑ ተሰውሯል። ስለዚህ የቆጠራውን ልክ በአብዛኛው ከራሱ ውስጥ ነው የሚያወጣው። ሁለቱን ጫፎች አጥፈው ሲያገናኙ ጥለቶቹ ፊት ለፊት ከገጠሙ፣ እዚያ ጋ ባለሙያ እጅ አለ።

ይህን ቆጠራ ማሽን የለመደው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዣካር የትኛው ድር መነሳት እንዳለበት የሚናገሩ ቀዳዳ ያላቸው ካርዶች የሚነዱትን የሽመና ማሽን ይዞ ቀረበ። በኋላ እንግሊዛዊው ባቤጅ ሊሠራ ላሰበው የስሌት ማሽን ሐሳቡን የወሰደው ከእነዚህ ካርዶች ነበር። ኮምፒውተር ዛሬ ጥለት ሲነድፍ አያት ቤት እንደገባ የልጅ ልጅ ነው ብንል ያስኬዳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማሽን ሸማኔውን ተፎካከረው ብለን ስንጮህ፣ ፈታይዋን ቀድሞ ከሥራ እንዳስወጣት ማንም ብዙ አላነሳም። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ነበረች የሸማው ግማሽ ባለሙያ። የፋብሪካ ክር ሲመጣ፣ በጣሊያን ወረራ ዓመታት እንደተቋቋመው የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሉትም ሲከተሉ፣ መጀመሪያ ድሩ፣ ከዚያም በብዙ ሸማ ላይ ማጉ ጭምር ከእሷ እጅ ወጣ። የፋብሪካ ክር ጠንካራና እኩል ስለሆነ ድር ላይ ሲወጠር ቶሎ አይበጠስም፤ ሸማኔው ቢመርጠው አይፈረድበትም። በእንዝርት የተፈተለው ማግ ግን እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ስለሚል አየር ይይዛል። ጥሩ ጋቢ ሲለብሱት የሚሰማው ሙቀትና ልስላሴ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ዛሬም ጋቢ የሚያሠሩ እናቶች ፈትሉን ራሳቸው የሚያቀርቡት በከንቱ አይደለም።

ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሰውም ሙያ የለውም ማለት ግፍ ነው። የኮምፒውተር ጥልፍ የሚሠራው ወጣት በእጅ የተሸመነ ስስ ሸማ ላይ የስፌቱን ጥቅጥቅታ ካልቀነሰ ጨርቁ ይጨማደድበታል፤ ይህን ደግሞ ጨርቁን በጣቱ ዳሶ ነው የሚወስነው። ሸማኔውም በበኩሉ አዲስ ነገር ለምዷል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሠርግ ልብስ የምታዝ ደንበኛ ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች። እሱ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል ወደ ድር ቁጥር ይለውጠዋል፤ ወረቀት ላይ ሳያሰፍር። አባቱ የማያውቀው ችሎታ ነው፤ ስምም አላወጣንለትም፣ ዋጋም አልተመንንለትም።

በእኔ ግምት ሽመናን የሚጎዳው ማሽኑ ሳይሆን በገበያው ላይ የሁለቱ ሥራ መደባለቁ ነው። የታተመው «የሽሮ ሜዳ ሥራ» ተብሎ ሲሸጥ፣ ቀናት የፈጀው ጥለት በሰዓታት ከወጣው ጋር በአንድ ዋጋ ይከራከራል፤ በክርክሩም ሁልጊዜ የሚሸነፈው ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ለበዓል ሲገዙ ይገልብጡት፤ ማን እንደሸመነው፣ ማጉ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር ይጠይቁ። አቅም ካልፈቀደ የታተመውን መልበስ ነውር የለውም። በሽመና ዋጋ ግን አይግዙት።