ትንፋሽ ቆጣሪው መቀነት

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል፣ ሳል ይዞት የመጣን ሕፃን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ቀላል መስሎ የሚከብድ ተግባር ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ይወራጫል፤ ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ይጀመራል። የአንዲት ትንፋሽ ልዩነት ደግሞ ሕክምናውን ይለውጣል። ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለው የ10 ወር ሕፃን በደቂቃ 49 ጊዜ ቢተነፍስ ሳል ወይም ጉንፋን፣ 50 ቢሞላ ግን የሳምባ ምች ተብሎ አሞክሲሲሊን ይታዘዝለታል።

ፊሊፕስ ኩባንያ ለዚህ ችግር ያቀረበው ቻርም የተባለው መሣሪያ በመቀነት በሕፃኑ ሆድ ወይም ደረት ላይ ይታሰራል። በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የተሰኘ የእንቅስቃሴ መለኪያ የአካሉን መነሣትና መውረድ እየተከታተለ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ለዕድሜው ፈጣን መሆን አለመሆኑንም ያመለክታል። መሣሪያው በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ተፈትኗል። ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ደግሞ፣ ቆጠራው የሕፃኑን ደረት በቪዲዮ ተመልክተው ከሚቆጥሩ የሕፃናት ሐኪሞች ቆጠራ ጋር የሚነጻጸርበት የጥናት ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

የቪዲዮው ምርጫ የሚያስመሰግን ነው። የሕፃን ትንፋሽ ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ፣ በተለያየ ጊዜ የተገኙ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለመዳኘት ያንኑ ደቂቃ መልሶ ማየት ያሻል። በደቡብ የተካሄደው ጥናት ግን የጠየቀው መሣሪያው በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉንና በሠራተኞችም በወላጆችም ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሕፃኑ ተሽሎት እንደ ሆነ ግን አይመልስም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አክስለሮሜትር የሚለካው እንቅስቃሴን እንጂ አየርን አይደለም። እናት ልጇን እሹሩሩ ስትል የሚፈጠረውም እንቅስቃሴ ነው። የአየር ቧንቧው የተዘጋ ሕፃን ደረት አየር ሳያስገባ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የደረትን መሰርጎድ መሣሪያው አይለይም፤ የኦክስጅን ማነስን ለማወቅም ፐልስ ኦክሲሜትር ያስፈልጋል። ይባስ ብሎ፣ በሕመሙ የዛለ ሕፃን ትንፋሹ እየቀነሰ ሊሄድ ስለሚችል፣ ለሞት የቀረበው ልጅ በመሣሪያው ላይ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

መሣሪያው ወደ ጤና ጣቢያዎች ቢገባ ትልቁ ጥቅሙ የባለሙያውን ዓይን ከቆጠራ ማሳረፉ ነው። መቀነቱን ለማሰር ልብሱ መገለጡ አይቀርምና፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ባለሙያው የታችኛውን ደረት ሊመለከት፣ ሕፃኑ መጥባት መቻል አለመቻሉንም እናቱን ሊጠይቅ ይችላል። መጥባት ያቃተውና የፈዘዘ ሕፃን፣ መሣሪያው 38 ቢያሳይም፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ተሰጥቶት በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል።